በጠበሉ ቦታ የተሰማው አልበም

ሉማሜ፣ ኅዳር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእኅቴ ልጅ ለአምሳሉ፣

ባለህበት የአምላክ ጥበቃ አይለይህ። ዝናቡ አያባራም ያልኸው አገር ዛሬም እንደዚያው ነው ወይስ ለመድኸው? እኛ በሕይወት አለን። ማንጠግቦሽ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው። እኔም ጉባኤዬን አልዘጋሁም፤ ድጓ የሚማሩልኝ ልጆች ግን ጥቂት ቀርተዋል። መንገዱ ስለማያስተማምን የሩቅ አገሮቹ ወደየወላጆቻቸው ሄደዋል።

ደብዳቤ የጻፍሁልህ የስልኩ መስመር ከጠፋ ስለ ሰነበተ ነው። ቢኖርም ይህ ነገር በስልክ እየተጮኸ የሚነገር አይደለም። አዲስ አበባ ላለችው ለአክስትህ ለአሰገደች በሰው እጅ ልኬዋለሁ፤ እሷ እንደምታውቀው አድርጋ ታደርስልሃለች።

ነገሩ የልጄ የምናለ ነው። ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ ቤት ዋለ። ፊዚክስ የሚያስተምር ሰው ተማሪ ሲያጣ ምን ይሥራ ብዬ መጀመሪያ አልከፋኝም ነበር። ኋላ ግን ከሰው ጋር መቀመጥ ተወ። ገላውን መታጠብ ተወ። እህል ሲቀርብለት ዐይኑን ወደ ግድግዳ ያዞራል። በመስከረም ደግሞ ሌላ አመጣ። ከጓሮ ከባሕር ዛፉ ሥር ይቆምና የአንገቱ ሥር እስኪገተር ይጮኻል። በአማርኛ ቢሆን ባልጨነቀኝ፤ በፈረንጅ ቋንቋ ነው። ጮኾ ሲያበቃ ምንም እንዳልተናገረ ሰው ገብቶ ይተኛል። እንግሊዝኛ ማወቁ ጠፍቶኝ አይደለም። ለተማሪዎቹ ሲያስረዳ በመስኮት ሰምቼዋለሁ፤ ረጋ ያለ ነው። ይኸኛው ግን የልጄ ድምፅ አይደለም።

እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ በእኛ አገር ምን እንደሚባል ታውቃለህ። ጎረቤቱ በሹክሹክታ ጀመረው፣ እናቱ ማንጠግቦሽ በልቅሶ ጨረሰችው። ከጥቅምት ጀምሮ ከደምበጫ ወዲያ ወንዝ ዳር ካለ ጠበል ነው። እንዳይሮጥ እግሩ በሰንሰለት ታስሯል። ይህን ቃል ስጽፍ ደስ ብሎኝ አይደለም።

የሚያጠምቁት አባ ዘማርያም ይባላሉ፤ ደግ ሰው ናቸው። መስቀሉን ግንባሩ ላይ አድርገው «ማነህ? ከወዴት መጣህ?» ሲሉት ያንኑ ይጮኻል። አጠገቡ ተቀምጬ የሰማሁትን በፊደል ጻፍሁት። ቃሉ ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ስለሚወጣ ሳላስበው እንደ ድጓው ከላዩ የዜማ ምልክት ጣልሁበት። የሚወድቀው እወደቀበት ይወድቃል፣ የሚቆረጠው እተቆረጠበት ይቆረጣል፤ አንድ ቀን አልተዛነፈም። እንዲህ ይላል፦ «ዚስ ሃውስ ኢዝ ማይን። ዩ ጎ ፈርስት።» እዚህ እንግሊዝኛ የሚያስተምረው እንዳላማው አንብቦ «ይህ ቤት የእኔ ነው፤ መጀመሪያ እናንተ ውጡ» ማለት ነው አለን። ማንጠግቦሽ ከተቀመጠችበት ወደቀች። ያደረ መንፈስ የሰውን ገላ ቤቴ ማለቱ የታወቀ ነው።

እንግዲህ የምለምንህ ይህን ነው። ከፈረንጅ ጋር ትኖራለህና ይህ ቃል የማን እንደሆነና ምን እንደሚፈልግ ለይተህ ጻፍልኝ። አባ ዘማርያም ስሙ ከታወቀ በስሙ ገዝቼ አስወጣዋለሁ ብለዋል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላልና አንተንም ጠየቅሁ። ሌላ ምንም አትላክ።

አጎትህ መሪጌታ ወልደ ገብርኤል


በርገን፣ ጥር 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለየኔታ ወልደ ገብርኤል፣

ጤናዎን ይስጥልኝ። እትዬ ማንጠግቦሽን ጉልበታቸውን ሳሙልኝ። ደብዳቤዎ የደጀን መንገድ እስኪከፈት ብዙ ቆይቶ እትዬ አሰገደች እጅ የገባው ከገና በኋላ ነው፤ ፎቶ አንስታ በዚያው ቀን ላከችልኝ። ያነበብኩት ሥራ ቦታ፣ አውቶቡስ እያጠብኩ ነው። እውነቱን ልንገርዎት፣ የጻፉትን የእንግሊዝኛ ቃል ሳየው በሳቅ ፈነዳሁ። ቀጥሎ ትዝ ሲለኝ ሰንሰለት የሚለውን አልፌ መጥቻለሁ። ባልዲው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

የኔታ፣ ያ መንፈስ አይደለም። ዘፈን ነው። የአንድ አልበም ሦስተኛው ዘፈን ነው።

ደብረ ማርቆስ መሰናዶ ስንማር ከጎናችን ተከራይቶ የነበረውን ፈረንጅ መምህር ያስታውሱታል፤ በቅሎዎን ፎቶ ካላነሣሁ ብሎ ያስቸገረዎትን። አገሩ ሲገባ አንድ ካርቶን ሲዲ ከነማጫወቻው ትቶልን ሄደ። የዘጠናዎቹ መጨረሻ ነው። የሰፈሩ ልጅ ሌላ ሌላ ሲሰማ እኔና ምናለ ጊታር የሚገርፉና ከበሮ የሚደበድቡ ጎረምሶች ስንሰማ ከረምን። ሮክ ይባላል። ፈጠን ያለውን፣ ትምህርት ቤትና ፍቅር ያቃጠለው ጎረምሳ የሚዘፍነውን ደግሞ ፖፕ ፓንክ ይሉታል። አልበም ማለት እንደ አንድ መጽሐፍ ነው፤ ዘፈኖቹ ምዕራፎቹ ናቸው።

ለየአልበሙ እንደ ፈተና ማርክ እንሰጥ ነበር። እኔ አንደኛ የማወጣው «ቀይ ብስክሌት» የሚባለውን ነው፤ የሦስት ሴቶች ሥራ ነው። ምናለ ደግሞ «የሚሸጥ ቤት» ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። በዚህ ተጣልተን ምሳ ለየብቻ የበላንበት ጊዜ አለ። እኔ «የአንተዎቹ ዜማ አያውቁም፣ ይጮኻሉ» ስለው፣ «የአንተዎቹ ደግሞ የሚያለቅሱት ተኳኩለው ነው» ይለኝ ነበር። ሽፋኑ ላይ አንበሳ ያለበት አንድ ሌላ አልበም ነበር፤ የማይረባ መሆኑ ላይ ብቻ ተስማምተን ክዳን አደረግነው።

«የሚሸጥ ቤት» የአንድ ልጅ ታሪክ ነው። ወላጆቹ ቤታቸውን ሊሸጡ ነው፤ ጓደኞቹ ቀድመው ከሰፈሩ ለቀዋል። ልጁ መኝታ ክፍሉን ከውስጥ ቆልፎ፣ ቤቱን ሊያዩ ለመጡት ገዢዎች በበሩ በኩል «ይህ ቤት የእኔ ነው፤ መጀመሪያ እናንተ ውጡ» ይላቸዋል። ያ ነው የጻፉት። ልጁ ላይ ያደረበት ነገር የለም፤ ብቻውን ቀርቶ ነው።

ካላመኑኝ ይፈትኑት። ከዚያ የሚቀጥለው አራተኛው ዘፈን «ማይ ማዘር ራፕስ ዘ ፕሌትስ» ብሎ ይጀምራል፤ እናቴ ሳህኖቹን ትጠቀልላለች ማለት ነው። ሦስተኛውን ሲጨርስ ይህን ሳይል እንደማይቀር እርግጠኛ ነኝ።

ስለዚህ ያስፈቱት። ታሟል፣ አልክድም። ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት፣ ጓደኛ የተበተነበት ሰው ልቡ ይታመማል፤ ደብረ ማርቆስ ይህን የሚያይ ሐኪም አይጠፋም። ጠበሉን አልነቀፍኩም፣ እኔም ተጠምቄ ነው ያደግኩት። ሰንሰለቱን ነው የምለው።

አምሳሉ


ሉማሜ፣ መጋቢት 17 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአምሳሉ፣

ጾሙን የበረከት ያድርግልህ፤ በዚያ አገር የሚጾም ካለ። ደብዳቤህ የደረሰኝ ሁዳዴ ከገባ በኋላ ነው።

ለማንጠግቦሽ አነበብሁላት። «ልጄ ስለ ዘፈነ ነው የታሰረው?» ብላ ተነሣች። ጥቂት ቆይታ ግን «የለም፣ አምሳሉ ሊያጽናናን ብሎ ነው» አለችና ተመልሳ ተቀመጠች። ለአባ ዘማርያምም ነገርኋቸው። «መሪጌታ፣ ዘፈንስ ቢሆን ከማን ነው?» አሉኝ። ከሳቸው ጋር መከራከር አልወደድሁም።

ያልኸውን የሳህን ነገር ግን ፈልጌዋለሁ። ደብዳቤህ ሳይመጣ ከጻፍሁት ወረቀት ጠርዝ ላይ፣ ከፊተኛው ቀጥሎ፣ በራሴ እጅ «ፕሌትስ» ተብሎ ተጽፏል። ይህን እስካሁን ለማንም አልተናገርሁም።

አንድ ነገር ግን አልገባኝ ብሏል። ዘፈን ከሆነ ስለምን ይጮኻል? ዜማ መውጫም መውረጃም አለው። ሰው ጉሮሮውን እየቀደደ ምን ደስ ይለዋል?

ሌላም ልንገርህ፤ እስከ ዛሬ አልነገርሁህም። ምናለ ጾመ ድጓን ዘልቆ ድጓ የጀመረ ልጅ ነበር። የስምንት ዓመት ሕፃን ሳለ፣ ማሕሌት ቆመን አንድ ትልቅ ሰው ዜማ ቢስቱ፣ ከመካከላችን «አይደለም!» ብሎ ጮኸባቸው። ጆሮውን ይዤ ወደ ውጭ አወጣሁት። እውነቱን ግን እሱ ነበር የያዘው፤ ስሕተት ሰምቶ ማለፍ አይችልም። ያ የእኔ ጆሮ ነው። ከዚህ ጉባኤ ያለፈ ተማሪ ሁሉ ያውቀኛል፤ የተበላሸ ዜማ ከምሰማ ብራብ እመርጣለሁ። ተተኪዬ እሱ ነው ብዬ ነበር። ያ ካርቶን ከመጣ ወዲህ ግን ድጓውን ከግማሽ ላይ ተወው። ማንንም አልወቀስሁም። ዛሬም አልወቅስም።

ያስፈቱት ያልኸው ለጊዜው አይሆንም። ሱባኤ ገብቶ መካከል ላይ አይወጣም፤ እናቱም ተስላለች። ከፋሲካ በኋላ እኔው እሄዳለሁ። እስከዚያ የአልበሙን ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጽፈህ ላክልኝ። የጎደለ ነገር አልወድም።

መሪጌታ ወልደ ገብርኤል


በርገን፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

የኔታ፣

ሰላምታዬን አሳጥራለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። ፋሲካን አይጠብቁ። በእግዚአብሔር ይሁንብዎት፣ ይሂዱ። ደብዳቤዬ መቼ እንደሚደርስዎት አላውቅም፤ በየቀኑ እደውላለሁ፣ በየቀኑ ማግኘት አይቻልም ይለኛል። ፈርቻለሁ። ምናለ እግሩ ታስሮ እዚያ ተቀምጧል፣ እኔ እዚህ ወረቀት እጽፋለሁ።

ለምን ይጮኻል ላሉኝ፦ ዜማው ጩኸቱ ነው። ልቅሶ ቤት ሙሾ የምታወርደዋን ሴት ቀስ በይ፣ ድምፅሽን አሳምሪ የሚላት የለም። እነዚህም እንደዚያ ናቸው። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላዎት የሚሰማዎትን በቀስታ መናገር አይቻልም። ሠላሳ አራት ሲሞላም አንዳንዴ አይቻልም።

ስለ ድጓው የጻፉትን ደጋግሜ አነበብኩት። ቅር እንደተሰኙብኝ ገብቶኛል። ግን አንድ ነገር ይስሙኝ። እኔ የማልወደውን ዘፈን ማለፍ ስፈልግ ምናለ እጄን ይመታኝ ነበር። «አልበም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነው የሚሰማው፤ አንተ ድጓ ስታጠና እየዘለልህ ትቀጽላለህ?» ይለኛል። አሥራ ሁለቱን ዘፈን በተራቸው፣ አንዲት ቃል ሳይስት በቃሉ ያዘ። ያንን አያያዝ ከማን ነው የተማረው? እኔ እንደሚመስለኝ ድጓውን ትቶ አልሄደም፤ ይዞት ነው የሄደው።

ሌላም ሕግ ነበረው። አንዱ አልበም ሲያልቅ ማጫወቻው ዝም ይላል። ቀጣዩን የሚያስገባው ያንኛው ልጅ ነው። የሱ «የሚሸጥ ቤት» ካለቀ ተራው የኔው «ቀይ ብስክሌት» ነው። እኔ ካልተነሣሁ፣ መሽቶ ቢነጋ እሱ እጁን አይሰድም። ዝም ብለን ስንተያይ እንቀመጣለን፤ ይህን ያህል ግትር ነው።

የአሥራ ሁለቱንም ቃል በፊደል ጽፌ፣ ትርጉሙን ከሥሩ አድርጌ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። የደረሰበት ላይ ይቀበሉት። ይሂዱ የኔታ።

አምሳሉ


ሉማሜ፣ ግንቦት 26 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለአምሳሉ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። ሌላውን ሰላምታ ከመጨረሻው ፈልገው፤ አሁን ልቤ አይደርስልኝም።

ወረቀትህ የደረሰኝ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ፣ ወደ ጠበሉ ልሄድ መኪና ላይ ስወጣ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው በመስኮት አቀበለኝ። እደርስና እዚያው አነበዋለሁ ብዬ ኪሴ ከተትሁት። ስደርስ ከበሩ ጀምሮ እልልታ ነው። አባ ዘማርያም እጃቸውን ዘርግተው መጡ።

«እንኳን ደስ ያለዎ መሪጌታ! ለቀቀ!»

«መቼ?» አልኋቸው።

«በስቅለት። ያን ቀን አልጮኸም። እንደ ሰው ዝቅ አድርጎ ተናገረ። ከጠበልተኞቹ አንዱ ተማሪ ተረጐመልን፤ ‹ቤቱን ውሰዱት፣ ቁልፉ ይኸው፣ እኔ ሄጃለሁ› ነው ያለው። ከዚያ ወዲህ ትንፍሽ አላለም። ሰንሰለቱን በዚያው ሰዓት ፈታንለት።»

ከሾላው ሥር ሄጄ ወረቀትህን አወጣሁ። ከፊተኞቹ አልጀመርሁም፤ ወደ አሥራ ሁለተኛው ሄድሁ። «ኪፕ ዘ ሃውስ። ሂር ኢዝ ዘ ኪ። አይ ኤም ጎን» ይላል። ከሥሩ ያለውን ትርጉምህንም አየሁት። አባ ዘማርያም ካሉኝ አንዲት ቃል አልጎደለችም።

የወጣ ነገር የለም፣ አምሳሉ። መጽሐፉ ነው ያለቀው።

ሕዝቡ እያጨበጨበ ነው። እናቱ ከኋላዬ ደርሳ መሬት ትስማለች። በዚያ መካከል ወረቀት ይዤ ምን ልበል? ልጄ ጥቅምት ሙሉ፣ ኅዳር ሙሉ፣ ሁዳዴን ሙሉ፣ አንዱን ዘፈን እየጨረሰ ወደ ቀጣዩ እያለፈ ቀለም ሲያሰማ ነበር። ከፊቱ ቁጭ ብዬ ስጽፍ ውዬ፣ የሚያሰማው ተማሪ መሆኑን መለየት አቃተኝ። መንፈስ ቢሆን እኮ ተራ አይጠብቅም። ይህን ለማወቅ ሌላ ሰው አያስፈልገኝም ነበር።

ወደ ቤት አመጣነው። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቆዳው ተልጧል፤ ቅቤ እየቀባሁለት ነው። እንኳን ደስ ያላችሁ የሚለው ሰው አላቋረጠም፤ ማንጠግቦሽ ጠላ ጠምቃ ታበላለች ታጠጣለች። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቀመጣል። ብላ ሲሉት ይበላል፣ ተኛ ሲሉት ይተኛል። መንገዱ በተከፈተ ቀን ደብረ ማርቆስ ወስጄ ሐኪም አሳየሁት፤ መድኃኒት ሰጡት፣ ጊዜ ይፈልጋል አሉኝ። ጎረቤቱ ግን ድኗል ነው የሚለው። ያን የመሰለ ጩኸት ይናፍቀኛል ብል ማን ያምነኛል?

ሦስተኛውን ዘፈን በሰማሁት መንገድ፣ ምልክቱን ተከትዬ አሰማሁት። ምንም አላለም። አራተኛውንም፣ አምስተኛውንም አልሁለት። ምንም። ኋላ የጻፍኸው ሕግ ትዝ አለኝ። የሱ አልቋል። ተራው የሱ አይደለም።

እንግዲህ የአንተን ላክልኝ። ያንን ቀይ ብስክሌት። አንተ እስክትመጣ ልንጠብቅ አንችልምና እኔ ተነሥቼ አስገባዋለሁ።

ማንጠግቦሽ በጣሙን ሰላም ብላሃለች።

አጎትህ ወልደ ገብርኤል


በርገን፣ ሰኔ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ ለየኔታ፣

ደብዳቤዎን ይዤ ከአውቶቡሱ ጋራዥ እስከ ቤቴ በዝናብ በእግሬ ሄድኩ። «ሰንሰለቱን ፈታንለት» የሚለው ላይ ብቻ ቆሜ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

የ«ቀይ ብስክሌት»ን የመጀመሪያ ዘፈን ቃል ጽፌያለሁ። ፍሬን በሌላት ብስክሌት ቁልቁለት ስለሚወርዱ ሁለት ጓደኞች ነው። «ከፊት ሁን፤ ብትወድቅ የማየው እኔ ነኝ» ይላል። ድሮ ከደብረ ማርቆስ ወደ ሉማሜ ስንመጣ በመኪናው መስኮት ከንፈራችን እስኪደርቅ የምንለው ይህን ነበር። እሱ ማርክ ቢነፍገውም ቃሉን ከኔ ይበልጥ ያውቀዋል።

ችግሩ ዜማው ነው። እኔ ምልክት መጣል አላውቅም፤ ያኔ ሲያስተምሩን እንቅልፍ ነበር የሚወስደኝ። ድምፁን እንዳልክ ኢንተርኔት የለም። እትዬ አሰገደች በሚሞሪ ካርድ ልትልክ ሞክራ፣ በዚህ ጊዜ ወረቀት እንጂ ሌላ ነገር የሚይዝላት መንገደኛ አላገኘችም። ኔትወርክ በተመለሰ ቀን በመጀመሪያው ደቂቃ ዘፈኑን እልክልዎታለሁ። እስከዚያ ቃሉን ብቻ ያንብቡለት።

መምጣቴን አልጠየቁኝም። የመኖሪያ ወረቀቴ ገና አልተስተካከለም፤ ስላልጠየቁኝ አመሰግናለሁ።

አምሳሉ


ሉማሜ፣ ነሐሴ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለአምሳሉ፣

ፍልሰታን በሰላም ያስፈጽምህ። ወረቀትህ ክረምቱ ውስጥ ደረሰኝ፤ ዳር ዳሩ ርሶ ነበር እንጂ ቃሉ ይነበባል።

ንባብ ብቻ ለእኔ አይሆንልኝም። ቃል ይዤ ዝም ብዬ ማንበብ ከተውሁ ብዙ ዘመኔ ነው፤ አፌ ራሱ ያዜማል። ያለኝ ደግሞ የራሴው ዜማ ብቻ ነው። ስለዚህ የጓደኛሞቹን ብስክሌት በዕዝል ዜማ አወረድሁት። ማንጠግቦሽ አማትባ ወጣች። እኔም ብሆን ሌላ ሰው ሲያደርገው ባይ በመቋሚያ አባርረው ነበር።

ምናለ ፊቱን ወደ ግድግዳ እንዳዞረ ነው። አንድ ጊዜ ጨረስሁት። እንደገና ጀመርሁት። «ከፊት ሁን» የሚለው ላይ ስደርስ እንደ ልማዴ ድምፄን አጠፍሁና አስረዘምሁት። ያኔ፣ ሳይዞር፣ «አይደለም» አለ።

ከስቅለት ወዲህ የተናገረው ይህችን ብቻ ነው። ቀስ ብሎ ነው ያላት፤ ድምፁም ዝጓል። ግን በስምንት ዓመቱ ማሕሌት ላይ ያላት ያችው ናት፤ እንዴት ትጠፋኛለች! «ታዲያ እንዴት ነው?» አልሁት። ዝም። ለመንሁት፣ ዝም። እኔም ተነሥቼ ወደ ጓሮ ሄድሁና ከባሕር ዛፉ ሥር እንደ ሴት አለቀስሁ።

በማግስቱ ያንኑ ስሕተት እዚያው ቦታ ላይ ደገምሁት። «አይደለም» አለ። ሌላ ሌላውን ሳዋራው አይመልስልኝም፤ መድኃኒትህን ውሰድ ስለው እንኳ እጁን ይዘረጋል እንጂ አይናገርም። ዜማው ሲበላሽ ብቻ መቻል ያቅተዋል። ትናንት ደግሞ እያልሁ ሳለ አንገቱን ወደ እኔ ወደ ግማሽ አዞረ፤ ከዚያ ወዲያ አልሄደም።

እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ድጓ ሳስተምር አውቄ ዜማ አበላሽቼ አላውቅም። አሁን በየቀኑ፣ እህል ከቀመስን በኋላ፣ ከልጄ ፊት ተቀምጬ አበላሻለሁ። ተማሪዎቼ በአጥር ሰምተው የኔታ አረጁ ይላሉ። ይበሉ።

ኔትወርኩ ሊመለስ ነው የሚል ወሬ አለ። ቢመለስም፣ አደራህን፣ ትክክለኛውን ዜማ እንዳትልክልኝ።

አጎትህ ወልደ ገብርኤል